ዓይን በገዛ ሙቀቱ ሲታወር



እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ሜይ 15 ቀን፣ ስፒትዘር የተባለው የአሜሪካ የጠፈር ቴሌስኮፕ ከዓይኖቹ አብዛኞቹን አጣ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ቀን የተሰበረ መስተዋት ወይም የተበጠሰ ሽቦ አልነበረም፤ ከሰማይ ተወርውሮ የመታው ድንጋይም አልነበረም። የሆነው ነገር ይህ ብቻ ነው፤ መሣሪያውን ከአምስት ዓመት ተኩል በላይ ሲያቀዘቅዝ የኖረው ፈሳሽ ሂሊየም ተኖ አለቀ፤ ቴሌስኮፑም ሞቀ። ሞቀ ስል ግን የእኛን አገር ቀትር የሚመስል ነገር በአሳባችሁ አይምጣ። ከሞቀ በኋላ እንኳ የነበረበት ብርድ ከዜሮ በታች 240 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ያልፍ ነበር። በዚህ ብርድ ውስጥ ውሃ ቀርቶ የምንተነፍሰው አየር ራሱ እንደ ድንጋይ ይረጋል። እንዲህ ከሆነ «ሙቀት አሳወረው» መባሉ ምን ማለት ነው?

ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ይህንኑ ነው። አሳዋሪው ነገር በሊቃውንት ዘንድ «የጨለማ ጅረት» ይባላል። ስሙ ከተረት የወጣ ይመስላል እንጂ ነገሩ በቁሙ የኤሌክትሪክ ነገር ነው፤ ይኸውም አንድ ብርሃን ተቀባይ መሣሪያ ምንም ብርሃን ሳያገኘው፣ ክዳኑ ተዘግቶ በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ሳለ፣ ብርሃን ያየ መስሎ በውስጡ የሚያፈስሰው ጅረት ነው።

በመጀመሪያ መሣሪያው ሊያየው ስለሚፈልገው ጨረር ጥቂት ልበል። በ1800 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው ትውልደ ጀርመናዊው የሥነ ከዋክብት ሊቅ ዊልያም ሄርሸል፣ የፀሐይን ብርሃን በባለ ሦስት ማዕዘን መስተዋት አሳልፎ እንደ ቀስተ ደመና ከዘረጋው በኋላ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር እያኖረ ሙቀቱን ለካ። ከሐምራዊው ወደ ቀዩ በሄደ መጠን ሙቀቱ እየጨመረ መጣ። ከቀዩም አልፎ፣ ዓይን ምንም ብርሃን ወደማያይበት ስፍራ ቴርሞሜትሩን ቢያኖረው ሙቀቱ ከሁሉ በልጦ ተገኘ። ዛሬ ኢንፍራሬድ የምንለው ከቀይ ወዲያ ያለው ጨረር የታወቀው በዚህ ዓይነት ነው። ሄርሸል በዚያን ጊዜ ያደረገው አንድ ሌላ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል፤ ከብርሃኑ ውጭ፣ በጎን፣ ሌሎች ቴርሞሜትሮችን አኑሮ ነበር። እነዚህ የክፍሉን ሙቀት ብቻ የሚናገሩ ምስክሮች ነበሩ። ሄርሸል የክፍሉ ሙቀትና የጨረሩ ሙቀት እንዳይደባለቁበት ከወዲሁ ተጠንቅቆ ነበር ማለት ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም የኢንፍራሬድ ሊቃውንት የሚደክሙት ከዚሁ ችግር ጋር ነው።

ኢንፍራሬድ ጨረር ከማንኛውም ነገር ይመነጫል። የእኛ ገላ፣ የምንቀመጥበት ወንበር፣ ግድግዳው፣ በሌሊት የቀዘቀዘው ድንጋይ ሳይቀር ይህን ጨረር ይረጫል። የሰው ገላ ከሁሉ አብልጦ የሚረጨው የሞገድ ርዝመቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ መቶኛ ትንሽ የሚያንሰውን፣ ማለት 9 ማይክሮን ተኩል የሚጠጋውን ጨረር ነው። በሰማይም ቢሆን ገና በአቧራ ደመና ውስጥ በመወለድ ላይ ያሉ ከዋክብት በዓይናችን ብርሃን አይታዩም፤ አቧራው ይጋርዳቸዋል። ኢንፍራሬዱ ግን አቧራውን አልፎ ይመጣል። ቀዝቃዛው አቧራ ራሱም የሚናገረው በዚህ ጨረር ብቻ ነው።

ታዲያ ይህን ጨረር እንዴት እናየዋለን? ዛሬ ከሚሠራባቸው መንገዶች ዋነኛው ሴሚኮንዳክተር፣ ማለት ከፊል አስተላላፊ በሆነ ክሪስታል መጠቀም ነው። በእንዲህ ያለ ክሪስታል ውስጥ ኤሌክትሮኖች በየስፍራቸው ታስረው ይኖራሉ። አንዲት የብርሃን ቅንጣት መጥታ ስትመታ ኤሌክትሮኑ ከእስሩ ይፈታና ለመፍሰስ ነጻ ይሆናል። የተፈቱትን ኤሌክትሮኖች ሰብስቦ የቈጠረ ሰው ምን ያህል ብርሃን እንደመጣ አወቀ ማለት ነው። ነገሩ እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከእስሩ ጥብቀት ነው። በዓይን የሚታየው ብርሃን ቅንጣት ኃይሉ ብዙ ነው። አረንጓዴውን ብርሃን ብንወስድ፣ አንዲቱ ቅንጣት የያዘችው ኃይል በተራ ክፍል ሙቀት ውስጥ ሙቀት ለእያንዳንዱ ኤሌክትሮን ከሚያካፍለው ንቅናቄ መቶ እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ለሚታየው ብርሃን የተሠራው ክሪስታል እስሩን አጥብቆ ሊይዝ ይችላል፤ ብርሃን እንጂ ሙቀት አይፈታውም። በኪሳችሁ ባለው ስልክ ውስጥ ያለው የፎቶግራፍ ዓይን ያለ አንዳች በረዶ የሚሠራው ስለዚህ ነው። የ10 ማይክሮን ኢንፍራሬድ ቅንጣት ግን ደካማ ናት፤ ኃይሏ ከክፍል ሙቀት ንቅናቄ አምስት እጥፍ ያህል ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ደካማ እጅ የሚፈታ እስር የግድ የላላ መሆን አለበት፤ የላላውን እስር ደግሞ ሙቀት ራሱ ይፈታዋል። ኤሌክትሮኑ በብርሃን ይፈታ ወይም በሙቀት፣ ከተፈታ በኋላ በመልኩ አይለይም። ቈጣሪው ሁለቱንም አንድ አድርጎ ይቈጥራቸዋል። የጨለማ ጅረት ማለት እንግዲህ በሙቀት ተፈትተው ከብርሃን ልጆች ጋር የተደባለቁት ኤሌክትሮኖች ናቸው።

አስተዋይ አንባቢ በዚህ ስፍራ አንድ ነገር ሊጠይቀኝ ይችላል። ክዳኑን ዘግተን የጨለማውን ጅረት ብቻ ብንለካ፣ ኋላም ክዳኑን ከፍተን ከምናገኘው ብንቀንሰው ነገሩ አያልቅም ወይ? ጥያቄው ትክክል ነው፤ በእርግጥም ይህ በየዕለቱ ይደረጋል። ነገር ግን አያልቅም፤ ለምን እንደማያልቅ ካልተረዳን ደግሞ የዚህን ሥራ ድካም ሁሉ አንረዳውም።

በክረምት የቤታችሁ ጣራ ያፈስሳል እንበል፤ ከሥሩም ገንቦ አኑራችሁ በየደቂቃው የሚወርደውን ጠብታ ትቈጥራላችሁ። በአማካይ በደቂቃ 100 ጠብታ ይወርዳል። ጠብታ ግን እንደ ወታደር ተሰልፎ አይወርድም፤ በአንዱ ደቂቃ 92፣ በሌላው 109 ይሆናል። የሒሳብ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ይህ መዋዠቅ የቍጥሩን ካሬ ሥር ያህል ነው፤ ለ100 ጠብታ 10 ያህል ይሆናል። አሁን በጣራው ላይ አዲስ ቀዳዳ ቢከፈትና በደቂቃ 20 ጠብታ ቢጨምር፣ ቍጥሩ ከለመደው ከፍ ብሎ ስለሚታይ ታውቁታላችሁ። ነገር ግን ዝናቡ በርትቶ የቀድሞው ፍሳሽ 10,000 ቢሆንስ? መዋዠቁ 100 ይሆናል፤ አዲሱ 20 ጠብታ በዚያ ውስጥ ይሰጥማል። አማካዩን 10,000 መቀነስ ቀላል ነው፤ መዋዠቁን መቀነስ ግን ማንም አይችልም፤ የሚቀጥለው ደቂቃ በስንት እንደሚያልፍ ወይም እንደሚጎድል አስቀድሞ የሚያውቅ የለምና። እኛ በማይክሮፎን ፊት የምንቀመጥ ሰዎች ይህን በሌላ መልኩ እናውቀዋለን። የራዲዮ ጣቢያው ርቆ ድምፁ ሲደክም አድማጩ ድምፅ መጨመሪያውን ያዞራል፤ ያን ጊዜ ንግግሩም ሽሽታውም አብረው ከፍ ይላሉ፤ የተሰማ ነገር ግን አይጨመርም።

በርግጥ ረዘም ላለ ጊዜ በመቍጠር ደካማውን ብርሃን ከመዋዠቁ በላይ ማውጣት ይቻላል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ሁካታውን የሚያመጣው የጨለማው ጅረት ከሆነ፣ ጅረቱ መቶ እጥፍ ሲበዛ ያንኑ ኮከብ በዚያው ጥራት ለማየት የሚያስፈልገውም ጊዜ መቶ እጥፍ ይሆናል። የአንድ ሰዓት ሥራ አራት ቀን ከአራት ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። ዕድሜው በዓመታት ለሚቈጠር፣ እልፍ ተመራማሪ ተራ ለሚጠብቅበት ቴሌስኮፕ ይህ ከመታወር አይለይም።

የመጀመሪያው መድኃኒት እንግዲህ ብርድ ነው። ክሪስታሉ ሲቀዘቅዝ የሙቀት ንቅናቄ ይቀንሳል፤ የሚቀንሰውም በቀስታ አይደለም። ለ10 ማይክሮን የተሠራውን ጠቋሚ ከክፍል ሙቀት ወደ ፈሳሽ ናይትሮጅን ብርድ፣ ማለት ከዜሮ በታች ወደ 196 ዲግሪ ብናወርደው፣ በሙቀት ብቻ የሚፈቱት ኤሌክትሮኖች ከሚሊዮን እጥፍ በላይ ይቀንሳሉ። ከዚያ ለሚረዝም ሞገድ ግን ናይትሮጅን አይበቃም፤ ሂሊየም ያስፈልጋል፤ ሂሊየምም ይተንና ያልቃል።

የኢንፍራሬድ ቴሌስኮፖች ታሪክ የብርድ ማለቅ ታሪክ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትሁም። አሜሪካ፣ ኔዘርላንድና ብሪታንያ በኅብረት ሠርተው በጃንዋሪ 1983 ያመጠቁት አይራስ የተባለው ሳተላይት ሰማይን ሁሉ በኢንፍራሬድ ለመመርመር የመጀመሪያው ነበር። ሩብ ሚሊዮን ያህል የሰማይ ነገሮችን መዘገበ፤ ቬጋ በተባለው ኮከብ ዙሪያ አቧራ መኖሩን ያሳየውም እርሱ ነው። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ሂሊየሙ አለቀና ሥራው አበቃ፤ ጠቅላላ ዕድሜው አሥር ወር ነበር። በ1997 የጠፈር ተጓዦች በሀብል ቴሌስኮፕ ላይ የገጠሙት ኒክሞስ የተባለው መሣሪያ ደግሞ የረጋ ናይትሮጅን ይዞ ወጣ፤ አራት ዓመት ተኩል ያህል ይቈያል ተብሎ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ናይትሮጅኑ ሲያብጥ ማስቀመጫውን ገፋውና እንዳይነካካ የተለየው ክፍል ከሌላው ጋር ተነካካ፤ በዚያም በኩል ሙቀት ገባ። በጃንዋሪ 1999 ናይትሮጅኑ አለቀ። መሣሪያው ምንም ሳይጎድለው ሦስት ዓመት ታውሮ ከቈየ በኋላ በማርች 2002 ሌሎች ተጓዦች ወጥተው ጋዝ እያዘዋወረ የሚያቀዘቅዝ መኪና ገጠሙለት፤ ዓይኑም ተመለሰ። ከመሬት 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ለሚዞር መሣሪያ ማቀዝቀዣ ለመግጠም ሰው ነፍሱን አስይዞ መውጣቱን ልብ በሉልኝ።

ወደ ስፒትዘር ልመለስ። እርሱ ማንም ሊደርስበት ከማይችል ርቀት፣ ምድርን እየተከተለ በፀሐይ ዙሪያ ይዞር ስለነበር ሂሊየም የሚወስድለት አልነበረም። ረጅሙን ሞገድ የሚያዩት ጠቋሚዎቹ አርሴኒክ በጥቂቱ ከተጨመረበት ሲሊኮንና ይህን ከመሰለ ክሪስታል የተሠሩ ነበሩ። በአርሴኒኩ ላይ የታሰረው ኤሌክትሮን እስሩ እጅግ የላላ ስለሆነ ከዜሮ በታች 240 ዲግሪን ባለፈው ብርድ ውስጥ እንኳ ሙቀት ይፈታው ጀመር። ከኢንዲየምና ከአንቲሞኒ የተሠሩት፣ 3.6 እና 4.5 ማይክሮን የሚያዩት ሁለቱ ጠቋሚዎች ግን እስራቸው ጠንከር ያለ ነበርና በዚያው ሙቀት ሥራቸውን ቀጠሉ። በእነዚህ በሁለቱ ብቻ ስፒትዘር ከአሥር ዓመት በላይ አገለገለ። በ2017 መላውን ዓለም ያስደነቀው፣ 40 የብርሃን ዓመት ያህል በሚርቀው ትራፒስት-1 በተባለው ኮከብ ዙሪያ ሰባት ፕላኔቶች የመገኘታቸው ዜና በብዛት የተመሠረተው በነዚህ የተረፉ ዓይኖች ምልከታ ላይ ነው። ስፒትዘር ጃንዋሪ 30 ቀን 2020 ተዘጋ።

ብርድ እንዲህ ውድ ከሆነ ሌላው መንገድ ክሪስታሉን ራሱን ጸጥተኛ ማድረግ ነው። በእኔ አስተያየት ከሁሉ ይልቅ የሚደነቀው የሊቃውንት ሥራ በዚህ በኩል የተሠራው ነው። በ1959 በእንግሊዝ አገር በሞልቨርን ከተማ ሎውሰን፣ ኒልሰን፣ ፐትሊና ያንግ የተባሉ ተመራማሪዎች ከባዜቃ፣ ከካድሚየምና ከቴሉሪየም የተቀላቀለ ክሪስታል ሠሩ። የባዜቃውንና የካድሚየሙን መጠን በመለዋወጥ የእስሩን ጥብቀት እንደፈለጉ ማላላትና ማጥበቅ ቻሉ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ለሚፈለገው ሞገድ ልኩን ያህል እንጂ ከልክ በላይ ያልላላ ክሪስታል ይገኛል፤ ያለ አስፈላጊ የላላ እስር ያለ አስፈላጊ የጨለማ ጅረት ነውና።

ሙቀት ኤሌክትሮኑን የሚፈታው ግን በአንድ ዝላይ ብቻ አይደለም። ወንዙ ሰፍቶ በአንድ ዝላይ መሻገር የማይቻል ቢሆን፣ በመካከሉ አንድ ድንጋይ ካለ መንገደኛው ድንጋዩን ረግጦ ይሻገራል። በክሪስታሉ ውስጥ የገባ ባዕድ አቶም ወይም የጎደለ አቶም ልክ እንደዚህ ድንጋይ ነው። ይህን መንገድ ሾክሊና ሪድ በአንድነት፣ ሆልም ለብቻው በ1952 በሒሳብ አስረድተዋል። ስለዚህ ክሪስታሉን የሚያበቅሉት ሰዎች ሥራ በብዛት ድንጋይ ለቀማ ነው። የክሪስታሉ ገጽም የራሱ ችግር አለበት፤ በገጹ ላይ ያለው አቶም በአንድ ወገኑ ጎረቤት ስለሌለው ገጹ በሞላው መረማመጃ ድንጋይ ይሆናል። ለዚህ መድኃኒቱ ገጹን በሌላ ተስማሚ ክሪስታል መሸፈን ነው፤ ለባዜቃው ክሪስታል ብዙ ጊዜ የካድሚየምና የቴሉሪየም ውሑድ ይለበስለታል። ከዚህም ሌላ ክሪስታሉን ማሳነስ ይረዳል፤ ሙቀት ኤሌክትሮን የሚፈታው በክሪስታሉ ይዘት ሁሉ ስለሆነ፣ ብርሃኑን ለመዋጥ ከሚበቃው በላይ ወፍራም ማድረግ ጅረትን በነጻ መጨመር ነው።

ከመረማመጃዎቹ ሁሉ ክፉዎቹ ሁለት ዓይነት ክሪስታል በሚጋጠምበት ድንበር ላይ ያሉት ናቸው፤ በዚያ ብርቱ የኤሌክትሪክ ግፊት ስላለ የተፈታውን ሁሉ ወዲያው ጠርጎ ይወስደዋል። በ2006 በአሜሪካ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ማይሞንና ዊክስ ድንበሩን ከማጽዳት ይልቅ እንዲያው ማስቀረትን መረጡ። በምትኩ በክሪስታሉ መካከል ቀጭን የሌላ ክሪስታል ግድግዳ አቆሙ። ኤሌክትሮን ሲፈታ በስተኋላው ባዶ ወንበር ይተዋል፤ ይህም ባዶ ወንበር ከአቶም ወደ አቶም እየተዛወረ እንደ ቅንጣት ይሄዳል። ግድግዳው በክሪስታሉ ውስጥ በብዛት የሚገኙትን ኤሌክትሮኖች ይከለክላል፤ ብርሃን የፈጠራቸውን ባዶ ወንበሮች ግን ያሳልፋል። በር ላይ የቆመ ዘበኛ ጐሽን አግዶ ግልገልን እንደሚያሳልፍ ማለት ነው። በዚህ ዘዴ የሠሩት ጠቋሚ ያንኑ ሞገድ ከሚያየው በገበያ ይገኝ ከነበረው ጠቋሚ ይልቅ ቢያንስ መቶ ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀት በዚያው ጸጥታ ሊሠራ ቻለ። መቶ ዲግሪ ማለት ለአንድ ሳተላይት ወይም በእጅ ለሚያዝ መሣሪያ ትንሽ ማቀዝቀዣ፣ ትንሽ ባትሪና ቀላል ሸክም ማለት ነው። (የእሳት አደጋ ሠራተኞች በጭስ ውስጥ ሰው የሚፈልጉበት መሣሪያ ብዙውን ጊዜ ብርድ አያሻውም፤ እርሱ ግን ኤሌክትሮን የሚቈጥር ሳይሆን የራሱን መሞቅ የሚለካ ሌላ ዓይነት ስለሆነ ለሌላ ቀን ይቈየን።)

ይህ ሁሉ ብልሃት ግን በአንዲት ጥቃቅን ነገር ሊፈርስ ይችላል። ጄምስ ዌብ ለተባለው ታላቅ ቴሌስኮፕ የተሠሩት የባዜቃ ክሪስታል ጠቋሚዎች እያንዳንዳቸው አራት ሚሊዮን ያህል ነጠብጣብ ዓይኖች ነበሯቸው። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ከሥሩ ካለው ቈጣሪ ጋር የሚገናኘው ኢንዲየም በተባለው ለስላሳ ብረት ጉብታ ነው። ጠቋሚዎቹ ተሠርተው፣ ተፈትነው፣ ጥሩ ናቸው ተብለው ተቀመጡ። በ2010 ገደማ እንደገና ሲፈተኑ በጨለማ ውስጥ የሚያበሩ ነጠብጣቦች በዝተው ተገኙ። ማንም አልነካቸውም፤ የተበላሹት በመደርደሪያ ላይ ተቀምጠው ነው። ምርመራው እንዳሳየው ኢንዲየሙን ከወርቁ መገናኛ ይለይ ዘንድ የተሠራው ስስ ሽፋን ለሥራው የሚበቃ አልነበረም፤ ኢንዲየሙ በተራ ክፍል ሙቀት ቀስ በቀስ ወደ ወርቁ ዘልቆ ገባ፤ በባሰባቸውም ነጠብጣቦች ጉዳቱ እስከ ክሪስታሉ ደረሰ። ለቴሌስኮፑ የሚመጥን ጠቋሚ ለመሥራት የደከሙት ሰዎች ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም። ያም ሆኖ ሽፋኑ በአዲስ ንድፍ ተሠራ፤ ጠቋሚዎቹም በአዲሶች ተተኩ።

ዌብ ዲሴምበር 25 ቀን 2021 ተመጠቀ። አምስት ንብብር ያለው ጃንጥላው የፀሐይን ሙቀት ይከለክልለታል፤ በዚያም ጥላ ውስጥ የባዜቃ ጠቋሚዎቹ ያለ ምንም ፈሳሽ ከዜሮ በታች ወደ 233 ዲግሪ ይቀዘቅዛሉ። ረጅሙን ሞገድ የሚያየው፣ እንደ ስፒትዘር ሁሉ አርሴኒክ የተጨመረበት ሲሊኮን የያዘው መሣሪያ ደግሞ ከዜሮ በታች ከ266 ዲግሪ በሚያልፍ ብርድ እንዲኖር ተብሎ ማቀዝቀዣ መኪና ተሰጥቶታል፤ ሂሊየሙ በቧንቧ ውስጥ እየተዘዋወረ ተመልሶ ይመጣል እንጂ ወደ ጠፈር ተኖ አይጠፋም። አጭሩን ሞገድ በሚያዩት በታደሱት ጠቋሚዎች ላይ ክዳን ዘግቶ የሚቈጥር ሰው ከአንዱ ነጠብጣብ በመቶ ሴኮንድ ውስጥ በአማካይ አንድ ኤሌክትሮን እንኳ አያገኝም። ጣራው ከመቶ ሴኮንድ በላይ ቈይቶ አንድ ጊዜ ጠብ ይላል፤ በመካከሉ ወደ ገንቦው የሚገባው ከሰማይ የመጣው ነው።